ግብሩን ያወቀ ዕቃውን አያጣም

የሞተር ሳይክል ብረት ከባለቤቱ ዕድሜ ሊሻገር ይችላል፤ ሽቦው ግን ከባለቤቱ ትዕግሥት አስቀድሞ ያልቃል። ፒስተኑ ያልላላ፣ ማርሹ ያልተሸረፈ፣ ሻንሲውም በብየዳ ተደግፎ ቢሆን እንኳ ሁለት ሰው ከነስንቁ የሚችል አሮጌ ያማሃ፣ በአንዲት በተሰነጠቀች ቦቢና ወይም ሽፋኑ ደኅና መስሎ ውስጡ በአረንጓዴ ዝገት በተበላ ሽቦ ምክንያት፣ ከክረምት እስከ ክረምት በጓሮ ቆሞ የዶሮ ማደሪያ ሲሆን በደቡብ ወሎዎቹ በመካነ ሰላምና በወግዲ ያላየ ጠጋኝ የለም። ባለቤቱን ቢጠይቁት «ዕቃው ጠፋ» ይላል፤ ሻጩን ቢጠይቁት «መምጣት ካቆመ ቆየ» ይላል፤ ሁለቱም አልዋሹም። እኔ ግን በዚህ ሙያ በኖርኩበት ዘመን የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ጠፋ ከሚባለው ዕቃ የሚበዛው ከገበያ ከመጥፋቱ በፊት ከሰው እውቀት የጠፋ መሆኑን ነው፤ ምን ሥራ እንደሚሠራ የሚናገርለት ሰው ያጣ ዕቃ፣ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ እንኳ አይገኝምና። ስለዚህ የአሮጌ ሞተር መለዋወጫ ፍለጋ መንገድ ከመጀመሩ አስቀድሞ በጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ የሚጀመር መሆኑን፣ ከአካባቢያችን ልማድ እያጣቀስኩ ላስረዳ እወዳለሁ።

ወግዲ በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ከምሥራቅ ጎጃም በአባይ ወንዝ ተከፍላ የምትገኝ ወረዳ ናት፤ ከተማዋም ማኅደረ ሰላም ትባላለች። ምድሯ ከአባይ በረሃ ተነሥቶ ወደ ወይና ደጋው፣ ከዚያም ወደ ደጋው እያለ ስለሚወጣ፣ አንዱን ቀበሌ ከሌላው የሚያገናኘው ጎዳና በበጋ አቧራና ድንጋይ፣ በክረምት ደግሞ ጎማ የሚውጥ የዋልካ ጭቃ ነው። እንዲህ ያለውን አገር በመኪና ማዳረስ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ለግብርና ሠራተኛውም ሆነ የክትባት ሣጥን ተሸክሞ ለሚዞረው የጤና ባለሙያ በበቅሎ ፈንታ የተሰጠው ያማሃ ዲቲ 125 ወይም ለእርሻ አገልግሎት ታስቦ የተሠራው ኤጂ 100 ነበር። እነዚህ ሞተሮች በመሥሪያ ቤት አርጅተው ከመዝገብ ሲሰረዙ በጨረታ ይሸጣሉ፤ የሚገዛቸውም መምህር ወይም ነጋዴ አለዚያም ከከተማ ዳር የሚኖር ገበሬ ሲሆን፣ ሞተሩን ይረከባል እንጂ የሽቦው ሥርዓት የተሳለበትን የጥገና መጽሐፍ አይረከብም። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር የሀብታም መዝናኛና የትርኢት ጌጥ ሆኖ ሳለ፣ በእኛ ዘንድ ግን ዛሬም የዕለት እንጀራ የሚጋገርበት ሥራ ላይ ነው፤ ጥገናውም ከዚህ የተነሣ ለዓይን ከማማሩ አስቀድሞ ሰውን ከመንገድ የማያስቀር መሆን ይገባዋል።

የዲቲ ትውልድ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1968 ለሽያጭ ከቀረበው ከዲቲ 1 ነው፤ ይኸውም ባለ 250 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ባለ ሁለት ምት፣ በአስፋልቱም በጥርጊያውም እንዲሄድ የታሰበ ሞተር ነበር፤ 125ና 175 የሚባሉት አነስተኞቹም ኋላ ተከተሉት። ሠሪው ድርጅት ራሱ ከጥገና የተወለደ መሆኑ ለእኛ ለጠጋኞች ትልቅ መጽናኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ቶራኩሱ ያማሃ የተባለ ጃፓናዊ ባለሙያ፣ በሐማማትሱ ከተማ ትምህርት ቤት የተበላሸ ከውጭ አገር የመጣ ኦርጋን እንዲያድስ ተጠርቶ ፈታታው፤ እያንዳንዱ ክፍል የሚሠራውን ከመረመረ በኋላም በዚያ አምሳል ራሱ አንድ ሠርቶ፣ ከባልንጀራው ጋር በሸክም የሐኮኔን ተራራ አቋርጦ ለምርመራ ወደ ቶኪዮ ወሰደው። በዚህ ዓይነት ከተመሠረተው የሙዚቃ መሣሪያ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1955 የሞተር ሳይክሉ ኩባንያ ተከፍሎ ወጣ። ቶራኩሱ መለዋወጫ የሚያዝበት አገር አልነበረውም፤ ከፊቱ ያለውን ዕቃ ግብር መርምሮ ከማወቅ በቀር ሌላ መንገድ አልተከፈተለትም።

አሁን ወደ ሽቦው እንግባ። የቀድሞዎቹ ዲቲዎች መብራት ባለ 6 ቮልት ነው። ከሞተሩ ጎን ባለው ክዳን ሥር ቮላኖው ማግኔቶቹን ይዞ ሲዞር፣ ከውስጡ ጸንተው የተቀመጡት የመዳብ ጥቅሎች ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ፤ ከእነዚህም አንደኛው ለካንዴላው እሳት፣ ሌላው ለመብራቱና ለባትሪው የተመደበ ነው። በቀደሙት ሞዴሎች እሳቱ በጊዜው እንዲወጣ የሚያደርገው ፑንቲና ነበር፤ በኋለኞቹ ግን ሲዲአይ የሚባል የታሸገ ሣጥን ተተካ። የእሳቱ መንገድ ከባትሪው መንገድ የተለየ በመሆኑ፣ ባትሪው ፈጽሞ ቢሞት እንኳ ሞተሩ በእግር ተረግጦ ይነሣል፤ ይህን የማያውቅ ጠጋኝ ግን እሳት ጠፋ በተባለ ቁጥር አዲስ ባትሪ አስገዝቶ የሰው ገንዘብ ያባክናል።

ሽቦዎቹም በቀለማቸው ይታወቃሉ። በያማሃ ሥርዓት ቀዩ ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣው ነው፤ ቡናማው ከኳድሮው፣ ማለትም ከቁልፉ ማብሪያ፣ አልፎ ቁልፍ ሲከፈት ኃይል የሚያገኘው ነው፤ ጥቁሩ ማሳ፣ ማለትም ኃይሉ በሻንሲው በኩል የሚመለስበት ነው፤ ጥቁር ሆኖ ነጭ መሥመር ያለበት ሞተሩን የሚያጠፋው ነው፤ ቢጫው የረጅሙ መብራት፣ አረንጓዴው የአጭሩ መብራት፣ ሰማያዊው የኋላው መብራት፣ ሮዙ የክላክሱ፣ ጠቆር ያለው አረንጓዴ የቀኝ ፍሬቻ፣ ቸኮሌት መልክ ያለውም የግራ ፍሬቻ ነው። ነገር ግን በብዙ እጅ ያለፈ ሞተር ላይ ቀዩ በቴፕ ሽቦ፣ ቡናማው በስልክ ሽቦ ተተክቶ፣ መጋጠሚያውም በጥርስ ተልጦ፣ ተጠምዝዞና በናስትሮ ተጠቅልሎ ስለሚገኝ፣ ቀለሙን አምኖ የሚሄድ ሰው መንገዱን ይስታል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ባትሪውን ነቅሎ፣ በቴስተር ጫፍ ለጫፍ እየለኩ፣ እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በወረቀት ላይ መሣል ያስፈልጋል፤ ይህም ሥራ አሰልቺ ቢመስልም ወደ ደሴ ደርሶ ባዶ እጅ ከመመለስ ይቀላል።

ሥዕሉ ካለቀ በኋላ የሚከተለው ነገር የጎደለውን በእርግጥ መለየት ነው፤ ሞተ የሚባለው ዕቃ ብዙ ጊዜ አልሞተምና። እሳት የጠፋበት ሞተር ሲመጣ፣ ጥቁርና ነጩን ሽቦ ከመጋጠሚያው አላቅቆ መሞከር የመጀመሪያው ሥራ ነው፤ እሳቱ ከተመለሰ ጥፋቱ በኳድሮው፣ በማጥፊያው ወይም በመካከል በተላጠ ሽቦ ላይ እንጂ በቦቢናውም በሲዲአዩም ላይ አይደለም። ቀጥሎ የሚመረመረው ማሳ ነው፤ ቦቢናው ከሻንሲው ጋር በብሎን የሚታሠርበት ቦታ በቀለም ወይም በዝገት ተሸፍኖ ከሆነ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ሳይጸዳ ስለ መለዋወጫ መነጋገር ከንቱ ነው። ከዚህም በላይ የእኛ ደጋ የራሱ የሆነ ፈተና አለው፤ ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ለዝቅተኛ አገር የተለካ ካርቡራተር ለዚህ አየር የሚበዛ ቤንዚን ያፈስሳል፤ ባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ስለሚያቃጥል ካንዴላው በጥላሸት ይሸፈንና እሳቱ ይደክማል። ባለቤቱ ይህን አይቶ «ሽቦው ነው» ይላል፤ መፍትሔው ግን ካንዴላውን ማጽዳትና የካርቡራተሩን ጅግለር በቁጥር አነስ ባለው መለወጥ ብቻ ነው።

በ6 ቮልቱ ሥርዓት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው ሌላ ምሥጢር ደግሞ፣ ዕቃዎቹ አንዱ የሌላውን ሸክም የሚሸከሙ መሆናቸው ነው። የቀድሞዎቹ ሞዴሎች መብራት የተለየ ሬጉሌተር ስላልነበረው፣ ሞተሩ ሲፈጥን የሚያሻቅበውን ቮልት የሚገቱት አምፖሎቹና ባትሪው ራሳቸው ናቸው። ከዚህ የተነሣ የኋላው አምፖል ተቃጥሎ ሳይተካ ቢቀር፣ እርሱ ይጠጣው የነበረው ኃይል ወደ ፊተኛው አምፖል ይዞርና ያንንም ያቃጥለዋል፤ ባትሪው ሞቷል ተብሎ ወጥቶ ሲጣልም እንዲሁ የፍሬቻና የስቶፕ አምፖሎች በተራ ያልፋሉ። በዚህ ምክንያት አምፖል ሲገዛ ቮልቱን ብቻ ማየት አይበቃም፤ ዋቱም በመጽሐፉ ከተጻፈው ጋር መስማማት አለበት። ፍሬቻው ብልጭ ድርግም የማይል፣ ማለትም አንድ ጊዜ በርቶ ተገትሮ የሚቀር ሲሆንም፣ በሙቀት የሚሠራው የፍሬቻ ፍላሸር ስለተበላሸ ላይሆን ይችላል፤ አምፖሎቹ ዋታቸው ስላነሰ ውስጡን ለማሞቅ የሚበቃ ኃይል ሳያልፍበት ቀርቶ ይሆናል።

እንግዲህ የጎደለው በእርግጥ ከታወቀ በኋላ ወደ ፍለጋው ይገባል። በመካነ ሰላምም ሆነ በማኅደረ ሰላም ሱቆች በብዛት የሚገኘው የባጃጅና የሕንድ ሞተሮች ዕቃ ነው። ከዚያ የሚበልጥ የፈለገ ሰው በአቀስታና በጊምባ በኩል የለጋምቦን ደጋ አቋርጦ፣ ከመካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደሴ ይገባል፤ ደሴም ያጣ እንደሆነ የመጨረሻው ተስፋ የአዲስ አበባው መርካቶ ነው፤ በዚያም ሶማሌ ተራ የመኪናና የሞተር መለዋወጫ፣ ምናለሽ ተራ ደግሞ ሌላው ሰው የጣለው ሁሉ የሚሸጥበት ስፍራ ነው። ወደ ዐረብ አገር የሄደ ዘመድ ያለውም አንዳንድ ጊዜ በሻንጣ ያስመጣል። መንገድ በሚዘጋበት ዘመን ግን ይህ ሁሉ በር አብሮ ስለሚዘጋ፣ ከቅርቡ መፈለግን የተማረ ብቻ ሥራውን ይቀጥላል።

ከቅርቡ መፈለግ ምን እንደሆነ ደሴ ላይ አንድ አረጋዊ የመለዋወጫ ነጋዴ አስተምረውኛል። «ሐጂ፣ የአሮጌ ዲቲ ሬክቲፋየር አለዎት?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እርሱማ ከጠፋ ስንት ዘመኑ!» አሉኝ። ተስፋ ቆርጬ ልወጣ ስል ግን መልሰው ጠሩኝና «ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?» አሉ። «ከቮላኖው የሚመጣውን ኃይል ወደ ባትሪው ያስገባል፤ ተመልሶ እንዳይወጣም ይከለክላል» አልኳቸው። «ታዲያ ልጄ፣ ይኸማ ከጎረቤቴ ከራዲዮ ጠጋኙ ዘንድ አለልህ» ብለው በጣታቸው አሳዩኝ። እውነት ነበር፤ የቀድሞው ዲቲ ሬክቲፋየር ከአንድ ዳዮድ የሚበልጥ ነገር የለውም። 6 አምፔርና ከዚያ በላይ የሚያሳልፍ፣ ወደ ኋላም ቢያንስ 100 ቮልት የሚችል ዳዮድ፣ ቀለበት የተሳለበት ጫፉ ወደ ባትሪው አዎንታዊ ጎን ተደርጎ፣ ሙቀቱን በሚቀበል ብረት ላይ በማይነካው መለያ ቢታሠር ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሐጂ የዕቃውን ስም ትተው ግብሩን በጠየቁ ጊዜ፣ ከጃፓን ይመጣል የተባለው ነገር በግድግዳ ማዶ ተገኘ።

ይህ ሕግ በሌሎቹም ላይ ይሠራል። የፑንቲናው ኮንደንሰር ሲሞት ፑንቲናው በሰማያዊ ብልጭታ ይቃጠላል፤ የአሮጌ ቮልስዋገን መኪና ኮንደንሰር በመጠኑ ስለሚቀራረብ፣ ከቮላኖው ሙቀት ውጭ በቦቢናው አጠገብ ታሥሮ አደራውን ይወጣል። የያማሃ የዕቃ ቁጥርም ለሚያነበው ሰው ይህንኑ ያስተምራል፤ የፊተኞቹ ምልክቶች ሞዴሉን ሲያመለክቱ፣ መካከለኞቹ አምስት አኃዞች የዕቃውን ግብር ይናገራሉ፤ 82310 ቦቢና ነው፤ 82590 ሙሉው የሽቦ ጥቅል ነው፤ 85540 ሲዲአይ ነው። ስለዚህ በሻጩ መደርደሪያ ላይ የፊተኛው ምልክት ቢለይም መካከለኛው 82310 የሆነ ሣጥን የተገኘ እንደሆነ፣ በውስጡ ያለው የሌላ ያማሃ ቦቢና መሆኑ ታውቆ፣ የውስጥ መቋቋሙ በኦሆም ተለክቶ ከአሮጌው ጋር ከተስማማ ሊሠራ ይችላል ማለት ነው።

ነገር ግን ግብሩ አንድ የመሰለ ሁሉ አንድ አይደለም። ሲዲአይ የሚባለው ሣጥን በቅርጹም በሶኬቱም እየተመሳሰለ በሁለት ወገን ይከፈላል፤ አንደኛው ኃይሉን በቀጥታ ከቮላኖው ጥቅል የሚወስድ ሲሆን፣ ሌላው ከ12 ቮልት ባትሪ የሚመገብ ነው። ሁለተኛውን በአሮጌ ዲቲ ላይ የሰካ ሰው ካንዴላው እሳት እንዳይሰጠው ሆኖ ይቀራል፤ ወገኑ የተስማማውም ቢሆን የእሳቱ ጊዜ ከሞተሩ ጋር ካልተስማማ ፒስተን እስከመብሳት ይደርሳል። የሽቦውም ነገር እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል፤ በርካሽ ከሚሸጠው ብዙው ላዩ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ስለሆነ፣ ጫፉን በምላጭ ፍቆ ማየት ይገባል፤ ነጭ የወጣ እንደሆነ በሞተር ንዝረት ፈጥኖ ይሰበራልና መልሶ መስጠት ነው።

ሙሉው የሽቦ ጥቅል በምንም መንገድ ያልተገኘ እንደሆነ ግን መፈለግ አብቅቶ መሥራት ይጀመራል። የደራሲው የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ አገር ሰው እንደመሆኔ፣ ጸሐፊ ቅጠላቸው የጎደለ ሁለት ቅጂዎችን አስተያይቶ አንድ ሙሉ መጽሐፍ የሚያወጣበትን ሥርዓት ለዚህ ሥራ ምሳሌ አድርጌዋለሁ፤ ከሁለት የሞቱ ዲቲዎች የወጡ ጥቅሎች ጎን ለጎን ተዘርግተው ሲታዩ፣ ከአንደኛው የተቆረጠው በሌላው ላይ ይገኛልና። አሮጌው ጥቅል በሰፊ ጣውላ ላይ ተዘርግቶ፣ በየመገንጠያው ሚስማር ይመታል፤ ከዚያ አዲሱ ሽቦ በዚያው ልክ ይዘረጋል። ለፊት መብራትና ለባትሪ መሥመር 1.25፣ ለቀሩት 0.85 ካሬ ሚሊ ሜትር ይበቃል። መሪው በሚዞርበት አንገት ላይ ሽቦው ሳይወጠር ወደ ቀኝም ወደ ግራም እስከ ጫፉ እንዲሄድ ልል ሆኖ ይተዋል። መጋጠሚያው በመቆንጠጫ ተጨብጦ በጎማ ከለላ ቢሸፈን፣ በስታኞ ብቻ ከተያያዘው ይልቅ ንዝረቱን ይችላል፤ ስታኞው የጠጣው ሽቦ ደርቆ በዳርቻው ይቆረጣልና። ናስትሮም በሙቀት ቀልጦ አቧራ ስለሚሰበስብ፣ ጥቅሉን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ በጫፎቹ ብቻ ማሠር ይሻላል።

የቮላኖው ጥቅል የተቃጠለ እንደሆነ ደግሞ የወፍጮና የውኃ ፓምፕ ሞተር የሚጠቀልሉ ባለሙያዎች አሉ። ለእነርሱ ሲሰጥ አሮጌው ሽቦ በጥንቃቄ እየተፈታ ዙሩ ይቆጠራል፤ ውፍረቱ በማይክሮ ሜትር ይለካል፤ የአጠቃለሉም አቅጣጫ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ መሆኑ ይጻፋል፤ ሲያልቅም በቫርኒሽ ተነክሮ ይደርቃል። ይህ ሁሉ ሳይጻፍ «እንደ ድሮው አድርግልኝ» ብሎ መስጠት ባለሙያውን መበደል ነው።

ወደ 12 ቮልት እንለውጠው የሚል ምክር በየጊዜው ይመጣል፤ አምፖሉም ክላክሱም ከባጃጅ ሱቅ ስለሚገኝ ምክንያቱ አይናቅም። እኔም የምፈቅደው መብራቱ ብቻ ሲለወጥ፣ የእሳቱም መንገድ ሳይነካ ሲቀር ነው፤ ይህም የሚሆነው የመብራቱ ጥቅል ለ12 ቮልት የሚበቃ ኃይል መስጠቱ ተለክቶ፣ ሬጉሌተርም ተጨምሮለት፣ አምፖሎቹ፣ ባትሪው፣ ፍላሸሩና ክላክሱ በአንድነት ሲቀየሩ ነው። ግማሹን 6፣ ግማሹን 12 አድርጎ የተወው ሞተር ከሚመጣው ጠጋኝ ፊት ወጥመድ ሆኖ ይቆያል። የተለወጠው ሁሉ በወረቀት ተጽፎ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከኮርቻው ሥር መቀመጥ ይገባዋል፤ በመሥሪያ ቤት የቀረው መጽሐፍ ካልመጣ፣ እኛ ሌላ መጽሐፍ መጻፍ አለብን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለመሥሪያ ቤቶቻችን አንድ ምክር አለኝ። ያረጁ ሞተሮች በጨረታ ሲወጡ፣ የማይነሡት በብረት ዋጋ ለቁርጥራጭ ገዢ ይሸጣሉ፤ የሚነሡትም መጽሐፋቸው ተለይቷቸው ይሄዳሉ። የማይነሣው ሞተር ግን ለሚነሣው ቦቢና፣ ኳድሮና የሽቦ ጥቅል የያዘ ግምጃ ቤት ነው። የወረዳው ጽሕፈት ቤት የሞተውን ከሕያው ጋር በአንድ ዕጣ አድርጎ ቢሸጥ፣ የጥገናውንም መጽሐፍ ቢያንስ የሽቦውን ሥዕል የያዘውን ገጽ አስባዝቶ ለገዢው ቢሰጥ፣ ብዙ ወጪ ሳያወጣ በወግዲ ተራሮች ላይ የብዙ ሞተሮችን ዕድሜ ያራዝማል። ጠጋኙም በበኩሉ የፈታውን እየሣለ፣ የለካውን እየጻፈ፣ ለወጣቱ ደቀ መዝሙሩ የዕቃውን ስም ከማስጠናቱ በፊት የሚሠራውን ቢያስረዳው፣ ፋብሪካው ማምረት ያቆመው ዕቃ ሁሉ ከእኛ ዘንድ እንዲቋረጥ አይገደድም።